ሌሊት ለሚታመም የቤት እንስሳ ሐኪም ስለ ማግኘት

ውሻ ደጃችንን ይጠብቃል፤ ድመትም እህላችንን ከአይጥ ትከላከላለች። እነዚህ እንስሳት የቤታችን ባልደረቦች ስለ ሆኑ ጤናቸውን መጠበቅ የቤተ ሰቡ ሁሉ ግዴታ ነው። ሰው ሲታመም ሕመሙን በአፉ ይናገራል፤ እንስሳ ግን አንደበት ስለሌለው የሚያስብለት ጌታው ብቻ ነው። ሕመም ደግሞ ሰዓት አይመርጥም፤ የእንስሳት ሕክምና ቤቶች ግን ብዙዎቹ ማታ ይዘጋሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ የሌሊት ሐኪም መፈለግ የሚገባው በቀን ነው።

ስለዚህ ብልህ የሆነች የቤት እመቤት ወይም አባወራ፥ እንስሳው ደኅና ሳለ ወደሚያክመው ሐኪም ሄዶ፥ «ከመሸ በኋላ አደጋ ቢደርስ ይቀበሉናልን? እርስዎ ባይገኙስ ወደ ማን እንሂድ?» ብሎ ይጠይቅ። የተሰጠውንም የስልክ ቍጥር ጽፎ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ከዚያው ላይ የእንስሳውን ዕድሜና ክብደት፥ የተከተበበትን ቀንና የሚወስደውን መድኃኒት ይጨምር፤ ሐኪም የመድኃኒቱን ልክ የሚወስነው በክብደት ነውና። በሌሊት ውሻ የሚጭን ታክሲ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፥ መኪና ያለውን ጎረቤት ወይም የታወቀ ነጂ አስቀድሞ ማነጋገር ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፥ በሌሊት ተቀባይ መኖሩን በቀን ሳይጠይቁ መንገድ መጀመር አይገባም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው፥ እስኪነጋ የሚቈየውን ሕመምና የማይቈየውን ለይቶ ማወቅ ነው። አንድ ጊዜ አስታውኮ እንደ ልማዱ የሚጫወትና ውሃ የሚጠጣ ውሻ እስከ ጧት ሊጠበቅ ይችላል። ነገር ግን ደረቱ ጠለቅ ያለ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ፥ ለማስታወክ እየታገለ ምንም የማይወጣው እንደ ሆነ፥ ጨጓራው ተጠምዞ ሊሆን ስለሚችል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወንድ ድመትም ለመሽናት እየተቀመጠ ጠብታ እንኳ ካልወጣው፥ የሽንቱ መንገድ ተዘግቶ ይሆናልና በዚያው ሌሊት ሐኪም ይየው። ግማሽ ሰዓት ያህል በብርቱ አምጣ ቡችላ ያልወጣላት ውሻ፥ አፏን ከፍታ በጭንቅ የምትተነፍስ ድመት፥ የማያቋርጥ መንዘፍዘፍ፥ የማይቆም ደም፥ የመኪና አደጋ፥ እነዚህ ሁሉ ለነገ የሚባሉ አይደሉም። ድዱን በጣት ተጭኖ መልቀቅም ይጠቅማል፤ የነጣው ስፍራ በሁለት ሴኮንድ ያህል ተመልሶ ካልቀላ የደሙ ዝውውር ደክሟል ማለት ነው። በእጅ ዳስሶ «አተኰሰው» ማለት ግን ያሳስታል፤ የጤነኛ ውሻና ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ ከሰው ይበልጣል።

ሐኪሙ እስኪገኝ ድረስ በርኅራኄ የሚደረግ ስሕተት አለ። ለሰው የተሠራ ኪኒን ለእንስሳ መስጠት አይገባም፤ አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል፤ አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። መርዝ ለበላ እንስሳ ወተት ወይም ዘይት በግድ ቢጋቱት፥ ወደ ሳንባው ገብቶ ሌላ አደጋ ያመጣበታል። ላምባ ወይም የሚያቃጥል ነገር የጠጣውንም እንዲያስታውክ ማድረግ ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል። የሚበጀው የመርዙን ዕቃ ይዞ ወደ ሐኪም መደወልና፥ ምን እንደ በላ፥ መቼ እንደ በላ፥ ክብደቱም ስንት እንደ ሆነ አሳጥሮ መንገር ነው። ከአይጥ መርዞችም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚታይ፥ «እነሆ ደኅና ነው» ተብሎ አይታለፍም። የተጎዳ እንስሳ ከሕመሙ የተነሣ የሚወደውን ጌታውን እንኳ ይነክሳልና፥ በብርድ ልብስ ሸፍኖ በሳንቃ ላይ በማጋደም ማንሣት ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የእብድ ውሻ በሽታን መጠንቀቅ ይገባል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ መንጋጋው የተንጠለጠለ፥ ለሃጩ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃተው ውሻ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል፤ ነገር ግን እጅን ወደ አፉ መስደድ ራስን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። በሩን ዘግቶበት፥ ልጆችን አርቆ፥ ሐኪም መጥራት ይገባል። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ ከከተበ ወዲህ ይህን በሽታ መከላከል ተችሏል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የዚህ ገጽ አንባቢ ሁሉ በቤቱ ውሻ ወይም ድመት ያለው እንደ ሆነ፥ ይህን ነገር ለሌላ ቀን ሳያሳድር፥ የሐኪሙን ስልክና የእንስሳውን ክብደት ዛሬውኑ ጽፎ በግድግዳው ላይ ይለጥፍ፤ የክትባቱም ቀን አልፎ እንደ ሆነ ነገ ጧት ወስዶ ያስከትበው።