የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ወላጆች መንከባከብ፡ በእጅ ስልክ የሚማሩት ሙያ



ሾላ ገበያ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ነጋዴ መዝገብ ባይኖረውም ብዙ ነገር በጭንቅላቱ ይይዛል። ማን በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን እንደከፈለ፣ በርበሬና ቅቤ ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበሩ ያውቃል። ገዢዎቹ እናቶችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የማስታወስ ችሎታ መድከም ሲጀምር አንዳንዴ ከቤት በፊት ገበያ ላይ ይታያል። መልስ መቁጠር ያስቸግራል። ጠዋት የተገዛው ምስር ከሰዓት በኋላ እንደገና ይገዛል። ለሃያ ዓመት የተመላለሱበት የመገናኛ መንገድ ድንገት እንግዳ ይሆናል።

ይህን ሲያይ ቤተሰብ የተለያየ ስም ይሰጠዋል። አንዱ «ጃጅተዋል» ይላል። ሌላው «ጅን ነክቷቸው ነው» ይላል። ሦስተኛው «እያወቁ ነው የሚያደርጉት» ብሎ ይቆጣል። ሦስቱም አባባሎች ውጤታቸው አንድ ነው፤ ታማሚው ሐኪም ሳያየው ይቀራል፣ ተንከባካቢውም መማር እንዳለበት አያስብም። በዛሬው ጽሑፋችን ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ታማሚውና ቤተሰቡ በኢንተርኔት በነፃ ምን መማር እንደሚችሉ፣ ትምህርቱንም እንዴት ወደ ቤታችን እንደምናመጣው እንመለከታለን።

እርጅና ነው ወይስ ሕመም?

ዲሜንሺያ፣ በብዙዎቻችን አጠራር የመርሳት ሕመም፣ አንድ በሽታ አይደለም። አንጎልን የሚጎዱ የተለያዩ በሽታዎች የሚያመጡት የምልክቶች ስብስብ ነው። ከሁሉም የሚበዛው አልዛይመር ሲሆን ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ሌላው የተለመደ ዓይነት የአንጎል የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣው ነው፤ ይህኛው ከስትሮክ፣ ከደም ግፊትና ከስኳር ሕመም ጋር ይያያዛል።

ዕድሜ ለሕመሙ ያጋልጣል፤ ሕመሙ ግን የእርጅና ግዴታ አይደለም። ቁልፍ የት እንዳስቀመጥን መርሳት ሁላችንንም ያጋጥመናል። ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ታማሚዎች ይጨመራሉ። ከታማሚዎቹ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚለው አባባል ስለዚህ ልክ አይደለም።

የሚረሳ ሁሉ ደግሞ ዲሜንሺያ አለበት ማለት አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ እና የአንዳንድ መድኃኒቶች ጠንቅ ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሊታከሙ ይችላሉ። የመጀመሪያው እርምጃ ስለዚህ ምርመራ ነው። ቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። በምሥራቅ አዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በአዲስ ከተማ በኩል ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ መቀነስ ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ይገባል።

ሩቅያህ የሚያደርግ ቤተሰብም ሐኪም ከማየት የሚያግደው ነገር የለም። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል። ችግር የሚሆነው አንዱ ሌላውን ሲተካና ወራት ሲያልፉ፣ ከዚያም ብሶ «ጅኑን ለማስወጣት» ተብሎ በደካማ አዛውንት ላይ እጅ ሲነሳ ነው።

ሶብር ብቻውን ለምን አይበቃም?

ለወላጅ በጎ መዋል ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ ወላጆች ሲያረጁ የመሰልቸት ድምፅ ማሰማት እንኳ ተከልክሏል። በሱረቱን ነሕል 70ኛው አንቀጽ ደግሞ ሰው ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ዕድሜ ሊመለስ እንደሚችል ተነግሯል።

ጥያቄው ይህን ትእዛዝ በተግባር እንዴት እንፈጽመው የሚለው ነው። እናቱ አንድ ጥያቄ በአንድ ጠዋት ሠላሳ ጊዜ የሚጠይቁት ልጅ፣ አማቷ «ወርቄን ሰርቀሽኛል» የሚሏት ምራት፣ አባቷ ሌሊት ተነስተው በር የሚከፍቱባት ሴት ልጅ ፍቅርና ሶብር ይዘው ይጀምራሉ። እንቅልፍ ካጡ ከሳምንታት በኋላ ግን ሶብር ያልቃል። ያኔ ጩኸት ይመጣል፣ ከጩኸቱ በኋላ ጸጸት፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ጩኸት። ይህን ክብ የሚሰብረው እውቀት ነው። ስርቆት የሚጠረጥሩት አማት ክፉ አይደሉም፤ ወርቁን የት እንዳስቀመጡት አንጎላቸው አልመዘገበውም፤ ባዶውን ቦታ በግምት ሞሉት። ይህን የተረዳች ምራት ስድብ እንደደረሰባት አትቆጥርም፤ «ኑ አብረን እንፈልገው» ትላለች።

በኢንተርኔት ምን አለ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 «አይ-ሰፖርት» የተባለ የኢንተርኔት ሥልጠና አውጥቷል። የተዘጋጀው ለሐኪም ሳይሆን ቤት ውስጥ ለሚንከባከብ ቤተሰብ ነው። አምስት ክፍሎችና 23 አጫጭር ትምህርቶች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ሕመሙ ያስተዋውቃል። ሁለተኛው ተንከባካቢ መሆን ምን እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው ተንከባካቢው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ አራተኛው የዕለት ተዕለት እንክብካቤን፣ አምስተኛው የባህርይ ለውጦችን እንዴት እንደምንቀበል ያስተምራሉ። ሁሉንም በተራ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ቤታችሁን ያስቸገረው ነገር ካለበት ክፍል መጀመር ይቻላል። ኢንተርኔት ሁልጊዜ ለማያገኝ ሰው ይኸው ትምህርት በመጽሐፍ መልክ ተዘጋጅቷል፤ አንድ ጊዜ አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ጠለቅ ብሎ ለመማር ለሚፈልግ፣ በአውስትራሊያ የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ የዊኪንግ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ ትምህርት ይሰጣል። አንዱ ዲሜንሺያን ለመረዳት፣ ሌላው ለመከላከል የተዘጋጀ ነው። መከላከል ሲባል ቀልድ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰየመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 ሊቀነሱ የሚችሉ አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሯል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የአየር ብክለት፣ ብቸኝነትና የትምህርት ማነስ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በዓለም ካለው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉ ከነዚህ ጋር የተያያዘ ነው ብሏል።

አንድ ትምህርት ምን ይመስላል?

እነዚህ ሥልጠናዎች ንግግር ብቻ አይደሉም። ትምህርቱ አንድ ሁኔታ ያቀርብና «አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?» ብሎ ያስመርጣል፤ ከዚያ መልስህን ያርምልሃል። በእኛ አገር ሁኔታ ብናስበው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ድሮ ሾላ ባልትና ይሸጡ የነበሩ እናት ከፈጅር በኋላ ነጠላቸውን ለብሰው «ገበያው ሊያመልጠኝ ነው» ብለው በር ላይ ይቆማሉ። ሱቁ ከተዘጋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ልጃቸው ሦስት ምርጫ አላት። አንደኛው «እማዬ፣ ሱቁ እኮ ተዘግቷል፣ ስንቴ ልንገርሽ?» ማለት ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይሉ በሩን መቆለፍ ነው። ሦስተኛው «እማዬ፣ ዛሬ ምን ልትሸጪ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ቁርስ ማቅረብ፣ ከዚያም የሚለቀም ምስር በሰፌድ ፊታቸው ማስቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ግን እናትዬውን በየቀኑ አዲስ መርዶ ያረዳቸዋል። ሁለተኛው ያስደነግጣቸዋል። ሦስተኛው ከንግግራቸው ጀርባ ያለውን ስሜት ይመልሳል፤ እኚህ ሴት የፈለጉት ሱቁን ብቻ ሳይሆን ሥራ ያላቸው፣ የሚፈለጉ ሰው መሆንን ነው። እጃቸው ምስር መልቀምን አልረሳም።

ለታማሚው ራሱ

ትምህርቱ ለተንከባካቢ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ገና ሲጀምር ሰውየው አብዛኛውን ነገር ያስተውላል። የሚደርስበትን አውቆ፣ ገና አቅሙ ሳለ ሊወስን ይችላል። ለነጋዴ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። ያለበት ዕዳ፣ የሰጠው ዱቤ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ በእጁ ያለ የሰው አማና ካልተጻፈ ከትውስታው ጋር ይጠፋል። ወራሾችም ይጣላሉ፣ የሰው ሐቅም በአንገቱ ይቀራል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍ ታዟል። ባለዕዳው ማስጻፍ የማይችል ደካማ ከሆነ ወሊዩ በፍትሕ እንዲያስጽፍለት በዚያው አንቀጽ ተቀምጧል።

ስለዚህ ምርመራው እንደታወቀ ዕዳና አማና በምስክር ፊት ይጻፍ፤ ወሲያም ይዘጋጅ። ውክልና መስጠት የሚቻለው ሰውየው የሚፈርመውን ነገር ሲረዳ ብቻ ስለሆነ ይህም አይዘግይ።

ዒባዳስ?

ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው በሶላትና በጾም ነው። አባት ዙህርን ሦስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ ወይም ረከዓ ይጠፋባቸዋል፤ በረመዷን ቀን ውሃ ይጠጣሉ። አቅሉን ካጣ ሰው ብዕር መነሳቱ፣ ረስቶ የበላም ጾሙን እንደሚቀጥል በሐዲስ የታወቀ ነው። የሕመሙ ደረጃ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የያንዳንዱን ጉዳይ ዓሊም መጠየቅ ይገባል። በቤት ውስጥ ግን ማረም፣ መቆጣት፣ «አሁን ሰግደሃል!» ብሎ ማሳፈር አያስፈልግም። አጠገባቸው ቆሞ አብሮ መስገድ ይበልጣል። በልጅነት የተሸመደደ ሱራ የቅርቡ ትውስታ ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ቁርኣን ሲቀራ መስማት ብዙዎችን ያረጋጋል። የመድኃኒት ሰዓትን ለጾም ብሎ መቀየር ግን ያለ ሐኪም ምክር አይደረግም።

ቋንቋውንና ኢንተርኔቱን እንዴት እንወጣው?

ከላይ የጠቀስናቸው ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ይገኛሉ። ይህ ግን በር የሚዘጋ አይደለም። በየቤቱ እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ አይጠፋም። እሱ ወይም እሷ በሳምንት አንድ ትምህርት አንብበው ቅዳሜ ማታ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በስልጢኛ ለቤተሰቡ ቢያስረዱ በስድስት ወር ውስጥ ሁሉም ያልቃል። የቤት ሠራተኛዋም ትቀመጥ፤ ብዙውን ሰዓት ከታማሚው ጋር የምታሳልፈው እሷ ናትና። ጅዳ፣ ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ልጅ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ትምህርቱን አጥንቶ በቴሌግራም በድምፅ ቀርጾ ሊልክ ይችላል። በውጭ አገር በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ይህን እውቀታቸውን ለአገር ቤት ቤተሰብ ቢያካፍሉ ትልቅ ሶደቃ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። አንደኛ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ ትምህርት አይደለም። ዲሜንሺያን በአብዛኛው የሚያመጡትን በሽታዎች፣ አልዛይመርን ጨምሮ፣ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቃልሉ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ግን አሉ። «በሰባት ቀን ይድናሉ» ብሎ ቅጠልም ሆነ እንክብል የሚሸጥ ቪዲዮ ገንዘባችሁን ፈልጎ ነው። ሁለተኛ፣ ግራ የተጋቡ አባትን ወይም እናትን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ክብራቸውን መግፈፍ ነው። ፈቃድ መስጠት የማይችልን ሰው ነውር መሸፈን እንጂ ለሳቅ ማቅረብ ከእኛ አይጠበቅም።

ገበያውና ጀመዓው

የቤተሰብ ትምህርት በር ላይ አያቆምም። መገናኛ ከደረሱ በኋላ ታክሲው ወደ ብዙ አቅጣጫ ስለሚበተን፣ የጠፋ አዛውንት ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። የልጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በኪሳቸው ወይም በልብሳቸው ላይ ይሰፋ። ለሚያዘወትሩት ባለሱቅ፣ ለታክሲ ተራ አስከባሪውና ለመስጂዱ ጥበቃ ነገሩን መንገር አሳፋሪ አይደለም። ባለሱቁም የተሳሳተ ብር ሲሰጡት ሳያሳፍር ቢመልስ፣ ደግመው ሲገዙ በዝግታ ለልጃቸው ቢደውል አማናውን ተወጣ።

ተንከባካቢዋንም አንርሳ። ብዙ ቤት ውስጥ ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ላይ ይወድቃል። «አጅሯ ብዙ ነው» ብሎ መሄድ ቀላል ነው። ወንድሞቿ በሳምንት አንድ ቀን ከእናታቸው ጋር ቢውሉና እሷ ብትተኛ ግን ያ አጅር ለሁሉም ይደርሳል።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙ ወላጆቻችን ዓፊያ፣ ለሚንከባከቧቸው ብርታትና እውቀት ይስጥልን። አሚን።