የሐይቅ ዳር ዕረፍትና የመዋኛ ስፍራ አመራረጥ

በኢትዮጵያ ደጋ ለሚኖር ነጋዴ የሐይቅ ዳር ዕረፍት ወራቱ በጋ ነው። በሌላው ዓለም ሕዝብ የሚዋኝባቸው ሐምሌና ነሐሴ በዚህ አገር የዝናብና የጭቃ ወራት ናቸው። ስለዚህ መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፥ ይልቁንም በገናና በፋሲካ ሰሞን፥ ሱቁን ዘግቶ ቤተሰቡን በመኪና አሳፍሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ሲታገል ለከረመ ሰው ይህ ዕረፍት የሚገባው ነው። የሚያስገርመው ግን ናሙና ሳያይ ለዕቃ ገንዘብ የማይከፍለው ነጋዴ ልጆቹ የሚገቡበትን ውሃ ሲመርጥ በመልኩ ብቻ መፍረዱ ነው።

ይህ ስሕተት በላንጋኖ ዳር በግልጥ ይታያል። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,585 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ውሃው ወተት እንደ ገባበት ሻይ ቡናማ ነው። ሐይቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ልጆች «ይህማ ጭቃ ነው» ብለው ሲያኮርፉ፥ አባትም መኪናውን አዙሮ የጠራ ውሃ ፍለጋ ለመመለስ ያስባል። ይህም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው። ቡናማው መልክ እጅግ ከደቀቀ በውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፍ አፈር የመጣ እንጂ የእድፍ ምልክት አይደለም። ላንጋኖም ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆን ለረጅም ዘመን የታወቀ ሐይቅ ነው።

በዚያው መንገድ ላይ ቀድሞ የሚገኘው ዝዋይ ውሃው ጨው የሌለው፥ ዓሣውና ወፉ የበዛ፥ በደሴቶቹ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ያሉበት ያማረ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ቢልሃርዚያ አለበት። እንዲሁም በሐዋሳና በጣና ይኸው በሽታ ይገኛል። እነዚህን ሐይቆች በጀልባ መጎብኘት፥ ዓሣቸውንም አብስሎ መብላት መልካም ነው፤ ቄጠማና ደንገል በበቀለበት ዳር ገብቶ መዋኘት ግን ጉዳት አለው።

የበሽታው አካሄድ ይህን ይመስላል። ትሉ በትንንሽ ቀንድ አውጦች ውስጥ ካደገ በኋላ በቀን ብርሃን ወደ ውሃው ይወጣል፤ በዓይን የማይታይ ስለ ሆነ የዋናተኛውን ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በስቶ ሲገባ ማንም አያውቅም። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፥ የሆድ ሕመምና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል፤ ቸል የተባለ እንደ ሆነም ጉበትን ይጎዳል። ሰውየው ከዕረፍቱ በደኅና ተመልሶ ስለ ነበር ሕመሙን ከሐይቁ ጋር ሳያገናኘው ይቆያል። በዚህ በኩል ታላቅ ሥራ የሠሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጦች ሞተው በማየታቸው፥ እንዶድ የበሽታውን ተሸካሚ እንደሚገድል ደርሰውበታል። ለታመመውም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሆኖም የዳነው ሰው ወደዚያው ውሃ ቢመለስ እንደገና ይያዛል።

ከበሽታ ሌላ ጥልቀትም መታሰብ አለበት። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ያሉት የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ስለ ሆኑ፥ ዳራቸው እንደ ጋን ግድግዳ ወደ ታች ይወርዳል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ወደ 87 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ዋና የማያውቅ ልጅ በዳር እቆማለሁ ብሎ ጥቂት እርምጃ ቢራመድ እግሩ መሬት ሊያጣ ይችላል። ወንጪም በተራራ አናት ላይ ያለ ውብ ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ከዋና ይልቅ ለጀልባና ለፈረስ ጉዞ ይመረጣል።

አራዊትንም መርሳት አይገባም። በአርባ ምንጭ አጠገብ በጫሞ ሐይቅ ዳር «የአዞ ገበያ» የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ ነጋዴን የሚጠራ ቢመስልም፥ በዚያ ገበያ ሸማቹ አዞ፥ ሸቀጡም ዋናተኛው እንዳይሆን ከጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ይበቃል። ጉማሬ ባለበት ሐይቅም ሁሉ፥ ይልቁንም ማለዳና ማታ፥ ከዳር መራቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የቤተሰብ አባት ከመነሣቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፤ ውሃው ቢልሃርዚያ አለበትን? ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ነውን ወይስ ገደል? አዞ ወይም ጉማሬ ይታይበታልን? ነፋሱስ በስንት ሰዓት ይነሣል? በስምጥ ሸለቆ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሞገድ ስለሚያስነሣ ልጆችን ጧት ማዋኘት ይሻላል። መልሱንም ከአካባቢው ዓሣ አጥማጅና ከጤና ጣቢያ ማግኘት ይቻላል።

በሐይቅ ዳር ሆቴል ያላቸው ነጋዴዎችም ጥልቁ የሚጀምርበትን ስፍራ በገመድ ቢከልሉ፥ የሕይወት አድን ጎማ በቅርብ ቢያኖሩ፥ ውሃው በሽታ ያለበት እንደ ሆነም ለእንግዳው እውነቱን ቢነግሩ ገበያቸው አይቀንስም። ልጆቹን በደኅና ይዞ የተመለሰ እንግዳ በሚመጣው በዓል ጎረቤቱን ጨምሮ ይመጣልና።