መጀመሪያ ጀልባውን ጠይቁ

የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በእግር ዞሮ ማየት የሚፈልግ እንግዳ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ርቀቱን ነው። አጭር መሆኑን ሲሰማ «ታዲያ ምን አላት፣ ምሳ በልተን እንሄዳለን» ይላል። እኔ በኪሎ ሜትር አልመልስም። ድንጋያማ ቁልቁለት፣ አቀበት፣ ፎቶ፣ ዕረፍትና ከመንደሩ ልጆች ጋር የሚደረገው ጨዋታ ሲደመር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መመለሻውም እንደዚያው። በማለዳ ያልተነሣ ሰው እየሮጠ ነው የሚያየው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከጢስ ዓባይ ከተማ ተነሥቶ በድንጋይ ላይ ቁልቁል ይወርድና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ዓባይን ይሻገራል። ሰው የፖርቹጋሎች ድልድይ የሚለው እሱ ነው። ወንዙ እዚያ ጋ ጠቦ በዓለት መካከል ስለሚያልፍ፣ ያን ግዙፍ ውሃ በዚህች ድልድይ መሻገራቸውን እንግዶች ቶሎ አያምኑም። ከዚያ አቀበቱ፣ መንደሩ፣ ፏፏቴው ፊት ለፊት የሚታይበት ጉብታ ይመጣል። ወረድ ሲሉ በአላታ ወንዝ ላይ የተዘረጋው ተንጠልጣይ ድልድይ አለ፣ ከእሱ ማዶ የፏፏቴው ግርጌ። መጨረሻ ላይ ከፏፏቴው በላይ፣ ውሃው ሜዳ ላይ ተኝቶ በሚሄድበት ቦታ፣ ዓባይን እንደገና በጀልባ ተሻግሮ ከተማው ይገባል።

ስለዚህ ዓባይ ሁለት ጊዜ ይታለፋል፣ አንዴ በድንጋይ አንዴ በጀልባ። ድልድዩ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆሟል፤ ነገም እዚያው ነው። ጀልባው ግን የዕለት ጉዳይ ነው። ውሃው ከበዛ፣ ሞተሩ እምቢ ካለ፣ ባለጀልባው ለቅሶ ከሄደ ዙሩ አይዘጋም፤ የመጡበትን ዳገትና ቁልቁለት መልሶ መውጣት ነው። ለዚህ ነው ዕቅዴን የምጀምረው ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው መሻገሪያ።

ማታውኑ ለባለጀልባው እደውላለሁ። «ወንድም ጋሼ፣ ውሃው እንዴት ዋለ?» እላለሁ። «ከፍ ብሏል፣ ግን እንሻገራለን» ካለኝ «ግን» የምትለዋን አልወዳትም። ጎበዝ ወጣቶችን ይዤ ከሆነ እንሄዳለን። እናትና አባቱን፣ ወይም ትንንሽ ልጆችን ይዞ የመጣ ቤተሰብ ከሆነ ግን ጉብታው ድረስ ወጥተን፣ ፏፏቴውን አይተን፣ በድንጋዩ ድልድይ እንመለሳለን። ዙር ሳይሆን ደርሶ መልስ ይሆናል እንጂ ምንም አይጎድልም። ይህንን ለእንግዳው ቁርስ ላይ መንገር ጥሩ ነው፤ ወንዙ ዳር ከደረሱ በኋላ የተነገረ ሰው ይከፋዋል።

በየት በኩል ይጀመር የሚለው በእኛ በአስጎብኚዎች መካከል የማያልቅ ክርክር ነው። በጀልባው የሚጀምሩ አሉ፤ ሜዳውን አቋርጠው ቶሎ ፏፏቴው ሥር ይደርሳሉ። እኔ በበጋ ከድልድዩ መነሣት እመርጣለሁ። ቁልቁለቱ የሚከብደው ጉልበት ሲደክም ነው፤ በጠዋት ይለቅ። ዞሮ በዚያ በኩል የሚመለስ ሰው ደግሞ ፀሐይ ስትበረታ ከድልድዩ ወደ ከተማው ይወጣል፤ ትልልቅ ሰዎችን ይጎዳቸዋል። ክረምት ሲሆን ግን ለባልደረቦቼ እሸነፋለሁ። ጀልባው አጠራጣሪ በሚሆንበት ወቅት በእሱ መጀመር ይሻላል። ከተሻገርን ተሻገርን፣ ካልተሻገርን ገና ቀን አለ።

ወቅቱ ሌላውንም ይወስናል። ነሐሴና መስከረም ውሃው ሞልቶ ከሩቅ ይጮኻል፤ ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ቁመት አለው፣ ስፋቱም ያን ጊዜ ነው የሚታየው። መንገዱ ግን ዋልካ ነው፣ ድንጋዩም ያዳልጣል። ከሰዓት በኋላ ላይኛው አገር ዝናብ ከጣለ አላታ በድንገት ይሞላል። ተንጠልጣዩ ድልድይ ያለው ለዚህ ነው፤ በድንጋይ ላይ እየዘለልኩ እሻገራለሁ የሚል ጎረምሳ ሲገጥመኝ አልከራከርም፣ ቀድሜ ድልድዩ ላይ እቆማለሁ። የካቲት ከገባ በኋላ የሚመጣ ሰው ደግሞ በፖስታ ካርድ ያየውን እንዳይጠብቅ እነግረዋለሁ። ውሃው ለኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሲከፈት ፏፏቴው ቀጠነ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ውሃውን ከጣና ሐይቅ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስድ ጀመር። አሁን ፏፏቴው የሚያገኘው የዝናቡንና የሚለቀቅለትን ነው።

ፖርቹጋላዊው ሚሲዮናዊ ሎቦ ከፏፏቴው ጀርባ ገብቼ ተቀምጫለሁ ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይህ ፈጽሞ አይቻልም ብሎ ወረፈው። እንግዶች ማን እንደዋሸ ይጠይቁኛል። እኔ ለሁለቱም አላዳላም፤ የመጡበትን ወር ብቻ እጠይቃለሁ። የእኔ ወር ጥቅምት ነው። ውሃው ገና ብዙ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ጤፉም ማሳው ላይ ነው።

ስለ ስንቅ ብዙ አልናገርም። ለሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ ባርኔጣ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይበቃል። እግሩን ወንዝ ውስጥ ነክሮ ማረፍ የሚወድ ሰው ቢልሃርዝያ በአካባቢው መኖሩን ይወቅ። ከፏፏቴው ግርጌ የሚነሣው ጢስ ካሜራና ስልክ ያበሰብሳልና ላስቲክ መያዝ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ደግሞ ከጀልባው ቀድሞ የሚጠየቀው የመንገዱ ሰላም ሆኗል። የአካባቢው ሰው «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካለ ይቀራል፤ የተከፈለ ቀብድም ቢሆን ይመለሳል።

በጉዞው ላይ አንድ ሰዓት በጥብቅ እይዛለሁ። ከጉብታው ወደ ተንጠልጣዩ ድልድይ የምንወርደው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ ፏፏቴው ሥር ሳንወርድ እንመለሳለን፤ ጀልባው ቢያስቸግር በመጣንበት ለመመለስ ብርሃን ያስፈልገናል። እንግዳ እዚህ ላይ ይለማመጣል፣ አንዳንዱም ይቆጣል። አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ከዚህ ድረስ አምጥተህ ልትከለክለኝ ነው?» ብለውኛል። ወርደን አይተናል፤ ግን ሰዓቱ ገና አምስት ተኩል ስለነበረ ነው።

ሾፌሩን ደግሞ አትርሱ። ዙር ከሆነ የምንወርድበትና የምንወጣበት ቦታ አንድ አይደለም። መኪናው ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ቆሞ ከጠበቀን፣ ከጀልባ የወረደ የደከመ ሰው በፀሐይ ከተማውን አቋርጦ ሊፈልገው ነው። ጠዋት ሲያወርደን የት እንደሚጠብቀን ጠርቼ አሳየዋለሁ፣ የባለጀልባውንም ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ አይታመንም።