የፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ በካሜራ ዓይን

የእሪ በከንቱና የፒያሳ ሰው እሳተ ገሞራ የሩቅ ነገር አይምሰለው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ጥንት እሳት የተፉ፣ ዛሬ ዛፍ፣ እርሻና መንደር የለበሱ ተራሮች ናቸው። ድንጋይ ለምለም መልበስ ሲጀምር በካሜራ ማስቀረት የሚሻ ግን በጅቡቲ መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ወርዶ መተሐራ ይድረስ።

ከተማዋ አጠገብ የቆመው ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ አለው፤ አናቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ ሰፊ ጎድጓዳ ሆኗል። በፈረንጆች 1820 ገደማ በደቡብ ግርጌው መሬት ተሰንጥቆ ቅልጥ ዐለት ፈሷል። በበሰቃ ሐይቅ አካባቢ ከመኪና መስኮት የሚታየው ጥቁር ድንጋይ የዚህ ዓይነቱ ፍሳሽ ውጤት ነው። ተራራው ዛሬም አልሞተም፤ በ2017 ዓ.ም. በአካባቢው የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ብዙ ነዋሪም ከቀዬው አፈናቅሏል።

ጎንበስ ብሎ ላየው ጥቁሩ ድንጋይ ባዶ አይደለም። መጀመሪያ የሚሰፍረው የድንጋይ ሽበት (ላይከን) ነው፤ ግራጫና ቢጫ ሆኖ በዐለቱ ላይ ይለጠፋል፤ በሚያመነጨው አሲድም ድንጋዩን በዝግታ ይበላዋል። ነፋስ ያመጣው አቧራ ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የዝናብ ውሃም እዚያው ጥላ ስር ይቆያል። ወፍ የጣለው፣ ነፋስ ያበረረው ዘር የሚበቅለው በዚህች እፍኝ በማትሞላ አፈር ላይ ነው። ሣሩ ሲሞት ለቁጥቋጦው አፈር ይተዋል፤ ቁጥቋጦው ለግራር።

ፍጥነቱን የሚወስነው ውሃ ነው። በፈረንጆች 1883 የፈነዳው የኢንዶኔዥያው ክራካታው ዝናብ የማይለየው ደሴት ስለሆነ በሦስት ዓመቱ ፈርን በቅሎበት ተገኝቷል። ዝናብ የሚያጥረው የመተሐራ ቆላ ግን ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶም ጥቁረቱ አልለቀቀውም። ለፎቶ አንሺ ይህ መታደል ነው፤ ሌላ አገር ደን የሸፈነው የመጀመሪያው ምዕራፍ እዚህ ገና ተገልጦ ይታያል።

አነሳሱ ግን ዘዴ ይጠይቃል። ካሜራ ጥቁር ነገር ሲያይ ብርሃን ያነሰ መስሎት ምስሉን ያነጣዋል፤ ድንጋዩም አመድ ይመስላል። ስለዚህ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ መቀነስ ያስፈልጋል። የእኩለ ቀን ፀሐይ የዐለቱን ሸካራነት ታጠፋዋለች፤ ማለዳና አመሻሽ ላይ ግን ጥላው ስንጥቁን አጉልቶ ያሳያል። መጠኑ እንዲታወቅ ከበቀለው ተክል አጠገብ እስክሪብቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

ከአንድ ቆንጆ ፎቶ ይልቅ ከአንድ ቦታ በየዓመቱ የሚነሳ ተራ ፎቶ ይበልጣል፤ ለውጡን የሚመሰክረው እሱ ነው። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ቀኑንና የቆመበትን ስፍራ ይመዝግብ፣ የአካባቢውን የከረዩ አርብቶ አደር ከማንሳቱ በፊት ያስፈቅድ፣ ሽበቱንም አይርገጥ፤ አንዴ ከተፋቀ ለመመለስ ዘመን ይፈጅበታል።