ባትሪ ከመለወጡ በፊት የመለኪያው ግንኙነት ሊፈተሽ እንደሚገባ

ጎንደር፦ በጎንደር ከተማ የፀሐይ ኃይልንና ባትሪን ከመደበኛው መብራት ጋር አጣምሮ በሚጠቀም ቤት፣ ባትሪው ሞልቶ ሳለ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪው ሂሳብ እንደ ወትሮው የሚቀንስ ከሆነ፣ ጉድለቱ የባትሪው ሳይሆን የመለኪያው ግንኙነት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ዓይነት ቤት ሁለት መለኪያዎች ይገኛሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አሽጎ የሚተክለው ቆጣሪ ሲሆን፣ ደንበኛው ሊከፍተው አይገባም። ሁለተኛው ከመስመሩ የሚገባውን ኃይል እየለካ ለኢንቨርተሩ የሚያስታውቅ ዘመናዊ መለኪያ ነው። ኢንቨርተሩ ባትሪውን የሚሞላውም ሆነ ኃይል የሚያወጣበት በዚሁ መረጃ መሠረት ነው።

ለፍተሻው የፀሐይ ኃይሉና ባትሪው ለጊዜው እንዲቆሙ ተደርጎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሰካል። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ገቢው ኃይል በዚያው መጠን ከፍ ብሎ መታየት ይኖርበታል። ለውጥ ካልታየ የመረጃ ገመዱ መላቀቁን ወይም ጫፎቹ መቀያየራቸውን ያመለክታል። ኃይሉ ወደ ውጭ እንደሚወጣ ከታየ ደግሞ መስመሩን የሚያቅፈው የመለኪያ ቀለበት ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነው። እርማቱን ኃይል አቋርጦ የሚሠራ ባለሙያ ሊያከናውነው ይገባል።

የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው የሰሜን ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ግን እንዲህ ያለ መለኪያ ስለማያስፈልግ በቅድሚያ የሚታዩት የባትሪው ማሰሪያ ዝገትና የሌሊቱ ውርጭ ናቸው፤ የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጎዳልና።

በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች አዲስ ባትሪ እንዲገዛ ከመጠየቃቸው በፊት ይህን ፍተሻ ቢያስቀድሙ ደህናውን ባትሪ ከመጣልና ከአላስፈላጊ ወጪ ይድናሉ።