የድሮን ካሜራ ማጣሪያ

የድሮን ካሜራ ማጣሪያ ወይም ፊልተር ማለት በድሮን (ሰው አልባ በራሪ) ካሜራ ሌንስ ፊት የሚገጠም፣ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ወይም የሚመርጥ ስስ መስታወት ነው። በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ብርሃንን በጠቅላላ የሚቀንሰው ኤንዲ ማጣሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከውሃ፣ ከቅጠልና ከመስታወት የሚመጣውን ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፖላራይዘር ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ኤንዲ ማጣሪያ ነጸብራቅን አያጠፋም፣ ፖላራይዘርም ሁሉንም ዓይነት ነጸብራቅ አያጠፋም።

የነጸብራቅ ዓይነቶች

ከአየር ላይ በሚነሳ ምስል ውስጥ የፀሐይ ብርሃን በሦስት መንገድ ችግር ይፈጥራል።

የመጀመሪያው ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመጣ ነው። የሐይቅ ወለል፣ እርጥብ አስፋልት፣ የመኪና መስታወት፣ እንደ እንሰትና ቡና ያሉ አንጸባራቂ ቅጠሎችና የቆርቆሮ ጣሪያ ዋነኛ ምንጮቹ ናቸው።

ሁለተኛው ፀሐይ በቀጥታ ሌንሱን ስትመታ የሚፈጠር ነው። ብርሃኑ በሌንሱ መስታወቶች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተንጸባረቀ በምስሉ ላይ ክብ ነጠብጣቦችን ይጥላል፣ ወይም ምስሉን እንደ ጭጋግ ያደበዝዘዋል።

ሦስተኛው የድሮኑ መዘውር ጥላ ነው። ፀሐይ ከፊት ለፊት ከፍ ብላ ስትገኝ የሚሽከረከሩት ክንፎች በሌንሱ ላይ ጥላ ይጥላሉ፤ በቪዲዮው ላይም የሚርገበገቡ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ።

የፖላራይዘር አሠራር

የፀሐይ ብርሃን ሞገዶች ከብርሃኑ ጉዞ አንጻር ወደ ሁሉም የጎን አቅጣጫ ይርገበገባሉ። ብርሃኑ የውሃን ወለል በሰያፍ ሲመታ ግን ተንጸባርቆ የሚመለሰው በአብዛኛው አግድም የሚርገበገበው ክፍል ነው። ይህ ሁኔታ ፖላራይዜሽን ይባላል። ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን አሳልፎ ሌላውን ስለሚያስቀር፣ አቅጣጫው በትክክል ከተስተካከለ ከውሃው ላይ የሚመጣው ነጸብራቅ ይቀንስና ከውሃው በታች ያለው ነገር ይታያል።

ነጸብራቅ ብርሃንን ፖላራይዝ እንደሚያደርግ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 ፓሪስ ውስጥ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚንጸባረቀውን የምትጠልቅ ፀሐይ ብርሃን በካልሳይት ድንጋይ አሻግሮ እየተመለከተ ድንጋዩን ሲያዞር የብርሃኑ ድምቀት ሲለዋወጥ አየ። እ.ኤ.አ. በ1815 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር የተንጸባረቀው ብርሃን ሙሉ በሙሉ ፖላራይዝ የሚሆንበትን ማዕዘን የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ለውሃ ይህ ማዕዘን ከወለሉ ሲለካ 37 ዲግሪ ያህል ነው። በርካሽ ሊመረት የሚችለውን ስስ የፖላራይዘር ገጽ አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ በ1920ዎቹ መጨረሻ ፈለሰፈ።

የብሩስተር ሕግ ለድሮን አብራሪ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ካሜራው ከአድማስ በታች ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ሲል ፖላራይዘሩ በውሃ ላይ በደንብ ይሠራል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲመለከት ግን በምስሉ መሐል ላይ ምንም ያህል አይረዳም፤ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ የሚመለስ ብርሃን ፖላራይዝ አይሆንም።

በተመሳሳይ ምክንያት ፖላራይዘር ያልተቀባ የቆርቆሮ ጣሪያን ነጸብራቅ አይቀንስም። ብረት ብርሃንን የሚመልሰው ውሃና ቅጠል በሚመልሱበት መንገድ አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ በበዛበት ከተማ ላይ የሚሻለው መፍትሔ የምስሉን ድምቀት ቀነስ ማድረግ ወይም የበረራውን ሰዓት መቀየር ነው።

ፖላራይዘርን ማስተካከል

በእጅ በሚያዝ ካሜራ ላይ ፎቶ አንሺው ማጣሪያውን እያዞረ ውጤቱን ያያል። በድሮን ላይ ግን ማስተካከያው ከመነሳት በፊት መጠናቀቅ አለበት። ድሮኑ በርቶ፣ ካሜራው ዘንበል ብሎ፣ ወደ አንድ አግድም አንጸባራቂ ነገር ለምሳሌ ወደ ኩሬ ወይም ወደ መስታወት ጠረጴዛ ይዞራል። ከዚያ ነጸብራቁ እስኪጠፋ ድረስ ማጣሪያው በቀስታ ይዞራል። ካሜራውን የሚሸከመው ጊምባል ምስሉን ሁልጊዜ አግድም ስለሚይዘው፣ ይህ ማስተካከያ ድሮኑ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ለውሃ ያገለግላል።

ለሰማይ ግን እንዲህ አይደለም። የሰማይ ብርሃን ይበልጥ ፖላራይዝ የሚሆነው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ በሚገኘው ክፍል ነው። ስለዚህ ድሮኑ በዞረ ቁጥር የሰማዩ ሰማያዊነት ይለዋወጣል፤ በሰፊ ሌንስ ደግሞ የሰማዩ አንዱ ክፍል ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ይታያል።

ኤንዲ ማጣሪያ

ኤንዲ ማጣሪያ የብርሃኑን ቀለም ሳይቀይር መጠኑን ብቻ ይቀንሳል። ቁጥሩ ብርሃኑ ስንት ጊዜ እንደሚቀንስ ያሳያል፦

ኤንዲ 4፦ አንድ አራተኛውን ያሳልፋል
ኤንዲ 8፦ አንድ ስምንተኛውን ያሳልፋል
ኤንዲ 16፦ አንድ አሥራ ስድስተኛውን ያሳልፋል
ኤንዲ 64፦ አንድ ስልሳ አራተኛውን ያሳልፋል

ጥቅሙ በተለይ ለቪዲዮ ነው። በፊልም ሥራ የተለመደው ልማድ የሻተሩ ፍጥነት ከፍሬሞቹ ቁጥር እጥፍ እንዲሆን ነው። በሰከንድ 24 ወይም 25 ፍሬም ለሚቀረጽ ቪዲዮ 1/50 ሰከንድ ተስማሚ ነው። ያኔ እንቅስቃሴው ለዓይን ለስላሳ ይሆናል፤ የመዘውሩ ጥላም ስለሚደበዝዝ መስመሮቹ ይቀንሳሉ።

ብዙ ትንንሽ ድሮኖች የሌንሳቸው ቀዳዳ አይጠብም፣ አይሰፋም። ቀዳዳው ኤፍ 2.8 ሆኖ አይኤስኦው 100 ቢሆን፣ በጠራራ ፀሐይ የሚያስፈልገው የሻተር ፍጥነት 1/3200 ሰከንድ አካባቢ ነው። ይህን ወደ 1/50 ለማውረድ ብርሃኑ 64 ጊዜ መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ ተገቢው ማጣሪያ ኤንዲ 64 ነው። ደመና ሲኖር ኤንዲ 16 ወይም ኤንዲ 8 ይበቃል።

ማጣሪያ የማይመከርበት ጊዜ

ለካርታ ሥራ በሚደረግ በረራ ኤንዲ ማጣሪያ ጎጂ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚበር ድሮን ሻተሩ 1/50 ሰከንድ ቢሆን፣ ፎቶው በሚነሳበት ጊዜ 20 ሴንቲሜትር ይጓዛል። በ1/1000 ሰከንድ ግን የሚጓዘው 1 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የእርሻ ማሳን ወይም የቦታ ወሰንን ለመለካት የተነሱ ፎቶዎች 20 ሴንቲሜትር ከተደበዘዙ፣ በረራው እንደገና መደረግ ይኖርበታል።

ኤንዲ ማጣሪያ ሌንሱን በቀጥታ ከምትመታ ፀሐይም አያድንም። እንዲያውም ሽፋኑ ጥራት የሌለው ማጣሪያ አንድ ተጨማሪ አንጸባራቂ ገጽ ስለሚሆን ነጠብጣቦቹን ያባብሳል። ለዚህ የሚረዳው የሌንስ ጥላ መገጠም ወይም የበረራውን አቅጣጫ መቀየር ነው።

የሰዓት ምርጫ

ካሜራው ወደ ታች ሲመለከት በውሃ ላይ የምትታየው የፀሐይ ምስል ቦታ በፀሐይዋ ከፍታ ይወሰናል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነጸብራቁ ከድሮኑ ሥር በቀጥታ ይወድቃል፤ ይህም ፖላራይዘር የማይሠራበት ማዕዘን ነው። እንደ ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር የቀትር ፀሐይ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ከፍ ያለች ስለሆነች ችግሩ ጎልቶ ይታያል።

የምስሉ ስፋት ከጥግ እስከ ጥግ 84 ዲግሪ በሆነ ካሜራ፣ ፀሐይዋ ከአድማስ ከ48 ዲግሪ በታች ስትሆን በረጋ ውሃ ላይ ነጸብራቁ ከምስሉ ውጭ ይወድቃል። ለአዲስ አበባ አካባቢ ይህ ማለት በግምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መብረር ነው። ነፋስ ውሃውን ካናወጠው ግን ነጸብራቁ ስለሚሰራጭ ፀሐይዋ ይበልጥ ዝቅ ማለት ይኖርባታል።

ጥንቃቄ

ጊምባሉ የተመጣጠነው ለካሜራው ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ለዚያው የድሮን ሞዴል የተሠራና ቀላል መሆን አለበት፤ የከበደ ማጣሪያ የጊምባሉን ሞተር ያደክማል፣ ምስሉንም ያንቀጠቅጣል። ማጣሪያው የሚገጠመው ድሮኑ ከመብራቱ በፊት፣ ካሜራውን በጣት ደገፍ አድርጎ በመያዝ ነው። የጣት አሻራና አቧራ ፀሐይ ሲያገኛቸው ራሳቸው ነጸብራቅ ስለሚፈጥሩ ከበረራ በፊት በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ፀሐይ እየጠለቀች ስትሄድ ደግሞ ጠቆር ያለው ማጣሪያ ይወልቃል፤ ካልሆነ ካሜራው አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ምስሉን ያሻክረዋል።