የጀልባ መሪ ሲከብድ

አንባቢ ሆይ፤ ከባሕር ዳር ተነሥተህ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረህ የምታውቅ እንደ ሆነ፥ ዓይንህ ያረፈው በደሴቶቹ ደን፥ በወፎቹ፥ ወይም በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ በሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅ ላይ እንደ ነበረ አልጠራጠርም። የነጂውን እጅ የሚመለከት መንገደኛ ጥቂት ነው። በሚመጣው ጉዞህ ግን እጁን ተመልከት። መሪውን ያለ ችግር በአንድ እጁ እያዞረ የሚነዳ ከሆነ ተደላድለህ ተቀመጥ። ትከሻውን እያጋደለ፥ ጥርሱን ነክሶ፥ በሁለት እጁ ከመሪው ጋር የሚታገል ከሆነ ግን በዚያ ጀልባ ውስጥ ያረጀ ዕቃ ሳይኖር አይቀርም። ብዙውን ጊዜ እርሱ ከመሪው እስከ ሞተሩ የሚዘረጋው የመሪ ኬብል ነው።

«እኔ ጀልባ የለኝ፤ ይህ ምን ይጠቅመኛል?» ትል ይሆናል። ዳሩ ግን ነገ ትምህርትህን ጨርሰህ በግብርና፥ በጤና ወይም በዓሣ ሀብት ሥራ ሐይቅ ዳር ወዳለ ወረዳ ብትመደብ፥ ከጠረጴዛና ከወንበር ጋር አንድ የሞተር ጀልባም ፈርመህ ትረከብ ይሆናል። ያን ጊዜ ነጂው መጥቶ «መሪው ከብዷል» ሲልህ የግዥ መጠየቂያውን የምትጽፈው አንተ ነህ። በጀልባው የሚሳፈሩት ሰዎች ሕይወትም በከፊል በፊርማህ ሥር ነው። ስለዚህ መካኒኩ የሚልህን ሁሉ ከመቀበልህ በፊት ነገሩን በጥቂቱ ማወቁ ይበጅሃል።

ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር ለገበያ በማብቃት ስሙ የተጠራው፥ ከኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቭንሩድ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1909 ነበር። ከእርሱ በፊት የሞከሩ ሰዎች ነበሩ፤ የእርሱ ግን ተወደደለት። በዚያ ሞተር ላይ ክብ መሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ነጂው ከኋላ ተቀምጦ እጀታውን ይዞ ሞተሩን ራሱን ያዞረዋል። ዛሬም ብዙ ትናንሽ ጀልባዎች የሚነዱት በዚሁ ዓይነት ነው፤ እነርሱ የመሪ ኬብል ስለሌላቸው የዛሬው ጨዋታችን አይመለከታቸውም። ጀልባው ሲተልቅና ሞተሩ ሲበረታ ግን ነጂው ወደ ፊት መጥቶ እንደ መኪና ነጂ መሪ ጨበጠ። በመጀመሪያ መሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት በግራና በቀኝ በመዘውር ላይ የሚሄዱ ገመዶች ነበሩ፤ ኋላ ኬብሉ ተተካ።

አሁን የብስክሌት ፍሬን አስብ። የባሕር ዳር ልጅ ከሆንክማ ስለ ብስክሌት እኔ ልነግርህ አይገባኝም። ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ሲጎተት ፍሬኑ ይይዛል፤ ስትለቀው ግን የሚመልሰው ሞላው እንጂ ሽቦው አይደለም። የጀልባው ኬብል ከዚህ የሚለየው መጎተት ብቻ ሳይሆን መግፋትም ስላለበት ነው፤ ስለዚህ ውስጠኛው ሽቦ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ከመሪው በስተጀርባ ያለው ጥርስ ይህን ሽቦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳዋል። በሌላው ጫፍ ሽቦው ከማይዝግ ብረት ዘንግ ጋር ተያይዟል። ዘንጉም ሞተሩን ከጀልባው ጋር በሚይዘው ብረት ላይ በአግድም በተኛ ቱቦ ውስጥ አልፎ በወዲያኛው በኩል ብቅ ይላል፤ ከዚያ አንድ አጭር አገናኝ ክንድ ከሞተሩ ጋር ያያይዘዋል። ያ ቱቦ ሞተሩ ከውሃ ሲነሣ የሚታጠፍበት ማጠፊያም ነው። እባክህ ይህን ቱቦ ልብ በልልኝ፤ የነገሩ ግማሽ ያለው እርሱ ውስጥ ነው።

መሪው እንዴት ይከብዳል? ፀሐይ የኬብሉን ሽፋን ታደርቀዋለች፤ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባና ውስጠኛው ሽቦ ይዝጋል። ወይም ኬብሉ ገና ደኅና ሳለ በቱቦው ውስጥ የከረመው ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆንና ዘንጉን ይይዘዋል። በባሕር ላይ ጨው ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። የጣና ውሃ ጨዋማ ስላልሆነ ኬብሉ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ኬብል መኖሩንም ይረሳዋል። መሪው ደግሞ በአንድ ቀን አይከብድም። በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየከበደ ሲሄድ ነጂውም ክንዱን ያለማምዳል፤ ልዩነቱን ቶሎ የሚያውቀው ያን ጀልባ ነድቶ የማያውቅ እንግዳ ነጂ ነው።

ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ የሚያስቸግር ሐይቅ ነው። በዚያ ነፋስ መካከል ነጂው የከበደውን መሪ በኃይል ሲጠመዝዘው ሽቦው ቢበጠስ ወይም ጥርሱ ቢሰበር፥ መሪው በእጁ ላይ ባዶውን ይዞራል። ሞተሩ ግን መግፋቱን አይተውም፤ ወደ አንድ ጎን ይታጠፍና ጀልባውን ድንገት ያሽከረክረዋል፤ ቆሞ የነበረ ሰው ወደ ውሃ ሊወረወር ይችላል። በዚህ ጊዜ መሪውን ማባበል ከንቱ ነው። የፍጥነቱን እጀታ ወዲያው መልሶ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። ነጂው በእጁ ወይም በልብሱ ላይ የሚያስረው ቀጭን የሞተር ማጥፊያ ገመድም የተሠራው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ነጂው ከስፍራው ቢወድቅ ገመዱ ተስቦ ሞተሩን ያጠፋል። ከመሪው አጠገብ ለጌጥ ተንጠልጥሎ ካየኸው እንዲያስረው ጠይቀው፤ ቢቆጣም ይቆጣ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መልሕቅ መጣል ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ ረዘም ያለ ገመድ ያለው መልሕቅ መሬት ያገኛል። በጫሞ ሐይቅ ላይ ይህ ቢደርስ ደግሞ ከነፋሱ ሌላ ጉማሬውና አዞው አለ፤ ከጀልባ ወርዶ መግፋት የሚባል ነገር አይታሰብም።

ይሁን እንጂ «ከብዷል» ስለ ተባለ ብቻ ኬብል ለመግዛት አትቸኩል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉም ተነቅሎ ሳለ አገናኝ ክንዱን ከሞተሩ አስፈታና ሞተሩን በእጅህ ግራና ቀኝ ግፋው። እርሱ ራሱ አልዞር ካለ ጥፋቱ የሞተሩ መዞሪያ ነው፤ ኬብሉን በከንቱ አትውቀስ። ሞተሩ በቀላሉ ከዞረና መሪው ብቻውን ከከበደ ግን ኬብሉ ወይም ቱቦው ነው። ቆሞ ሳለ ቀሎ፥ ሲሮጥ ብቻ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት መሪ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፕሮፔለሩ መሽከርከር የሚመጣ ሲሆን፥ በብዙ ሞተሮች ላይ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ በማስተካከል ይቃለላል።

እንዲህ መርምሮ ከመለየት ይልቅ የግራሶ ፓምፕ አንሥቶ መሙላት የሚቀናው ሰው አለ። ግራሶ በቱቦው ውስጥ የሚገባው ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቱቦው ተመልሶ ሳለ ነው። ዘንጉ ወደ ውጭ እንደ ወጣ ከተሞላ፥ ሲመለስ ግራሶው መሄጃ አጥቶ መሪውን ጭራሽ ሊቆልፈው ይችላል። የኬብሉን ሽፋን በስቶ ዘይት ማንጠብጠብም ለውሃ አዲስ በር መክፈት ነው። ውስጡ የዛገ ኬብል መድኃኒት የለውም፤ ይለወጣል።

በመጠየቂያው ላይ «የጀልባ ኬብል፥ ብዛት 1» ብለህ ብቻ ከጻፍክ ምን እንደሚመጣልህ እግዚአብሔር ያውቃል። በአሮጌው ሽፋን ላይ የታተመውን ቁጥር ፈልገህ ቅዳ፤ የመሪውን ጥርስ ፋብሪካና ዓይነትም ጨምር፥ የአንዱ ኬብል በሌላው ጥርስ ላይ ላይገጥም ይችላልና። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በጫማ ነው፤ 1 ጫማ ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ቁጥሩ ጠፍቶ እንደ ሆነ የአሮጌውን ኬብል መንገድ እየተከተልክ ለካ፤ ልኩ ከሙሉ ጫማ ከተረፈ የሚቀጥለውን እዘዝ። ያጠረ ኬብል ይወጠራል፤ ከልክ በላይ የረዘመም ይጠማዘዛል። በሚታጠፍበት ስፍራ ሁሉ መታጠፊያው ሰፊ ይሁን፤ ማጠፊያውን ክብ አድርገህ ብታስበው ከማእከሉ እስከ ዳሩ ከ20 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም።

ሥራው ራሱ ለብልህ መካኒክ ከባድ አይደለም፤ ቱቦው ካላስቸገረው ማለቴ ነው። አገናኝ ክንዱ ይፈታል፤ በቱቦው አፍ ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ ይላላል፤ ዘንጉ ይሳባል። አልወጣም ካለ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጥቶ ማሳደር ነው እንጂ ብረት በብረት መቀጥቀጥ አይገባም፤ የግድ ከሆነም በመካከል እንጨት ይግባ። የመሪው በኩል ሲፈታ በኬብሉ ጫፍ ላይ ጠንካራ ሲባጎ ይታሰራል። አሮጌው ሲወጣ ሲባጎው በመንገዱ ተዘርግቶ ይቀርና አዲሱን ይመራዋል፤ ይህች ትንሽ ዘዴ ወለል ከመፍታት ታድናለች።

አሁን ቱቦው ባዶ ነው። አዲሱን ኬብል ወዲያው ልክተት የሚል መካኒክ ቢኖር እጁን ያዘው። የደረቀው ግራሶና ዝገት ሳይወጣ አዲስ ዘንግ ቢገባ፥ አዲሱም እንደ አሮጌው ይያዛል፤ ገንዘቡም ውሃ በላው። በክብ የሽቦ ብሩሽ ይፈግፈግ፥ ላምባ በነካ ጨርቅ ይጠረግ፥ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣም ይደጋገም። ከዚያ ዘንጉ ውሃ የማያጥበው የጀልባ ግራሶ በስሱ ተቀብቶ ይገባል።

ሥራውን ስትረከብ በዓይንህ የምታየው አንድ ነገር አለ። አገናኝ ክንዱን የሚይዙት ዳዶዎች ውስጣቸው ናይለን ያለባቸው፥ ራሳቸውን የሚቆልፉ ናቸው። ተፈትተው የነበሩት በአዲስ ይተኩ። ከኪስ የወጣ ተራ ዳዶ ቢገባ የሞተሩ ንዝረት ቀስ በቀስ ያላላዋል፤ ሲወድቅም መሪው ከሞተሩ ጋር ያለው ዝምድና በዚያው ያበቃል።

ከዚያ በኋላ ጀልባው እንደ ታሰረ መሪውን ወደ ቀኝ አዙር፤ ፕሮፔለሩ ያለበት የሞተሩ ጀርባ ወደ ቀኝ መዞር አለበት። ወደ ግራ ከሄደ ኬብሉ በመሪው ጥርስ ላይ በተቃራኒው ወገን ገብቷልና እንደገና ይፈታ። እስከ መጨረሻው ግራ፥ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙረው፤ ሞተሩን ከፍ አድርገህም ድገመው፥ ኬብሉ የነዳጁን ቱቦ እንዳይጎትት ተመልከት። የመጀመሪያው ጉዞ ያለ ተሳፋሪ፥ በዝግታ፥ ከዳር ሳይርቅ ይሁን፤ ሲመለስም ዳዶዎቹ እንደገና ይታዩ።

አሮጌውን ኬብል «ለመጠባበቂያ ይቀመጥ» የሚል ንብረት ክፍል አይጠፋም። በተወገደ ዕቃ መዝገብ አስጽፈው፤ ቢቻል ግን አስቀድመህ በመጋዝ አስቆርጠህ፥ እጁ ሲታገለው የከረመውን ዝገት ለነጂው አሳየው።